ስለ አሮጌ የጓሮ ትራክተርና ስለ ቸኰለ ፍርድ

ሰው ከደመወዝ ሥራው የተረፈችውን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፋት ያየ፥ የዚያን ሰው ጠባይ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። አንዱ ከወዳጆቹ ጋራ መጫወት ይወዳል፤ አንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ አንዱም መጽሐፍ ሲመለከት ያመሻል። በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ብዙዎች ለጨዋ ሰው አይገባም ስለሚሉት አንድ መዝናኛ ልናገር አስቤአለሁ፤ ይኸውም የተጣለ አሮጌ የጓሮ ትራክተር አንሥቶ፥ ፈትቶ፥ ጠግኖ፥ እንደ ገና አፈር እንዲያርስ ማድረግ ነው። እግረ መንገዴንም በዚሁ ሥራ ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ያደረግሁትን በደል ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ዓመት ያህል የሌላውን ሰው ጥፋት ስጽፍ ስለ ኖርሁ፥ የራሴን አንድ ጊዜ ብጽፈው ብዕሬ አይሰበርም።

የጓሮ ትራክተር የምንለው ሰፊ ሜዳ የሚያርሰውን ታላቁን መኪና አይደለም። ባለ ሁለት ጎማ ሆኖ ሰው ከኋላው እየተከተለ በሁለት እጀታ የሚመራው፥ ወይም ባለ አራት ጎማ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ትንሽ መኪና ነው። ይህን ዕቃ ካስገኙት ሰዎች መካከል በአባታቸው እርሻ ላይ ወይም ከሌላ ሥራቸው አጠገብ ሲሞክሩ ያገኙት አሉ። በአውስትራሊያ አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ የሚባል የገበሬ ልጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም በአባቱ እርሻ ላይ ከእንፋሎት ሞተር ኃይል ወስዶ፥ አፈርን በሚሽከረከር ስለት ለመቈፈር ሞከረ። በአሜሪካም በዌስት ቨርጂኒያ ቤንጃሚን ግሬቭሊ የሚባል ሰው፥ ሥራው ፎቶግራፍ ማንሣት ሳለ፥ በእጅ ለሚመራ የጓሮ ማረሻ ሞተር በ1916 ዓ.ም የፈጠራ መብት ተቀበለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1946 ዓ.ም ሲሲል ፖንድ በኢንዲያና አገር ዊል ሆርስ የተባለውን ትንሽ ትራክተር ማውጣት ጀመረ። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች እነዚህን አሮጌዎች ከወደቁበት ጎተራ እያወጡ ያድሳሉ፤ በዓል አድርገውም ይሰበሰቡና ያደሱትን ለወዳጆቻቸው ያሳያሉ፤ ከልጆቻቸውም ጋራ ያርሱበታል። ትርፍ የሚያገኙበት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ለደስታ ብቻ ይሠሩታል።

በእኛም አገር ትንሹ ትራክተር እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርደን በምናገኘው በፎገራ ሜዳ፥ ከ1970ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ ሩዝ በተስፋፋበት ምድር፥ ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ሲያርስና ጋሪ አስከትሎ እህል ሲያመላልስ አይቻለሁ። በእኛ በደጋው ግን መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለ ሆነ ገበሬው በበሬ ያርሳል፤ እኔም በሬ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። የምናገረው ድንችና ጎመን ስለሚተከልባት ስለ ጓሮ መሬት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ሰው፥ ሕዝቡ ቆራሌ የሚለው፥ በመንደራችን ሲያልፍ በጋሪው ላይ ከቆርቆሮና ከተሰበረ አልጋ በታች ሁለት እጀታ ብቅ ብሎ አየሁ። ጋሪውን አስቁሜ ብመለከት፥ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ዝጎ የማይነበብ፥ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው የጓሮ ትራክተር ነው። ሰውዬው በዚያው ቀን በመዶሻ ሊሰባብረውና ለማቅለጫ ሊሸጠው ነበር። በኪሎ ሒሳብ ገዛሁትና ወደ ግቢዬ አስገባሁት።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ ነበርና አይተው ዝም አሉ። ማታ ግን እራት ከቀረበ በኋላ፥ «ልጄ፥ እኔ ለብዕር አስተማርሁህ እንጂ ለመዶሻ አላስተማርሁህም» አሉኝ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በአያቶቻችን ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ እየተባለ ይሰደብ፥ ቡዳ ነው እየተባለም ይፈራ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። እኔም ፊደልን ከየኔታ፥ ጥቂት የእጅ ሥራንም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ፥ ከዚህ ሐሳብ ነጻ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። እንዳልወጣሁ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሥራውን ከልጄ ጋራ ጀመርነው። ልጄ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ በዚያ ወራት ከእኔ ጋራ የሚነጋገረው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ጫማ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጓሮ ሆነን መፈታታት ጀመርን። የእያንዳንዱን ብሎን ስፍራ እንዳንረሳ የባለቤቴን ሰፌድ ለምነን ወስደን፥ ከሞተሩ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ደረደርንበት፤ ባለቤቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፌድ እህል አላበጠረችም፤ ሌላ ገዛሁላት።

ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋራ በዝገት ተጣብቆ አገኘነው። እኔ በእንጨት መዶሻ ልመታው ስነሣ ልጄ፥ «አባዬ፥ ይቈይ» ብሎ እጄን ያዘኝ። በካንዴላው ቀዳዳ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ አፈሰሰና ተወው። ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በየማለዳው መዘውሩን በእጁ በቀስታ ይሞክረው ነበር። በዘጠነኛው ቀን የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተነቃነቀ። ልጄ ቢሮዬ ድረስ ሮጦ መጥቶ ሲነግረኝ፥ ከብዙ ወራት በኋላ ሳይጠሩት ወደ እኔ የመጣበት የመጀመሪያ ቀን እንደ ሆነ አሰብሁ።

ሞተሩ ቢዞርም እሳት አይሰጥም ነበር። ወዳጆቼ ወረታ ከተማ አንድ ጐበዝ መካኒክ እንዳለ ነገሩኝና በጭነት መኪና አውርደን ወሰድንለት። ወጣት ነው፤ አባቱ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩ ሰው እንደ ሆኑ እዚያው ሰማሁ። የሞተሩን እሳት የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ እንደ ተቃጠለ አሳየን፤ ከሌላ አሮጌ ሞተር ፈትቶ ተካልን፤ ካርቡራተሩንም አጥቦ አስተካከለው። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ አንድ ጊዜ ሳበው፤ ሞተሩም ተነሣ። ያለ ጢስ፥ ያለ መንተፋተፍ፥ እንደ ልብ ትርታ እኩል እየመታ ሠራ። የጠየቀውን ከፍዬ በደስታ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ።

በማግሥቱ ጎረቤቶቻችን እንዲያዩ ጠርቼ በድንቹ መደብ ላይ አስነሣሁት። ተነሣ፤ ነገር ግን ጥቁር ጢስ እየተፋ ይንተፋተፍ ጀመር፤ ስለቱም አፈር ሲነካ ታፍኖ ጠፋ። አምስት ጊዜ አስነሣነው፤ አምስት ጊዜም ጠፋ። ካንዴላውን ስንፈታው በጥላሸት ጠቁሮ በቤንዚን ረጥቧል። ጎረቤቶቼ ፈገግ እያሉ ተበተኑ። እኔም በሰው ፊት ስላፈርሁ ተናድጄ ለመካኒኩ ስልክ ደወልሁ፤ አታለልኸኝ አልሁት፤ በዚያም ሳልወሰን አባቱን ጠቅሼ፥ ዛሬ በጋዜጣ ላይ ልደግመው የማልፈልገውን የጥንት ስድብ ተናገርሁ። እርሱም ድምፁን ሳያነሣ፥ «ጌታዬ፥ እኔ ዘንድ ሳለ እንደ ሠራ አይተዋል፤ እዚያ ምን እንዳገኘው መጥቼ ልየው» አለኝ። እኔ ግን ሳልመልስለት ስልኩን ዘጋሁት።

አንባብያን ሆይ፤ ያለ መጥሪያ፥ ያለ ምስክር፥ ተከሳሹ ልምጣ እያለ ፈረድሁበት። ካንዴላው ጠቍሮ በእጄ ላይ ያለ ማስረጃ ሳለ፥ እኔ ማስረጃውን ትቼ የሰውዬውን ዘር መረመርሁ። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

እውነቱን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እርስዋም ስለ ትራክተሩ አልነበረም የምትናገረው። በዚያው ሳምንት እንግዳ መጥቶ የባቄላ ንፍሮ ጥዳ ስትዘገይ፥ «የወረታ ልጅ እኮ ነኝ፤ በእናቴ ቤት ይህን ጊዜ ንፍሮው በስሎ ተበልቶ ነበር፤ የዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም» አለች። ልጄ ይህን ሲሰማ ከመጽሐፉ ቀና አለ። በትምህርት ቤት የተማረውንም እንዲህ ብሎ አስረዳን። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር ያህል ነው። ወደ ላይ በወጡ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በወረታ በ94፥ በደብረ ታቦርም በ91 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ ከዚያም በላይ አይሞቅምና ባቄላው ይዘገያል።

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ዝም አለና፥ «አባዬ፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ከአየር ጋራ በልክ ቀላቅሎ ነው፤ ልኩንም የሚወስነው ካርቡራተሩ ነው። በወረታ አየር የተስተካከለው ሞተር ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ፥ የሚስበው አየር ሲሳሳ የሚመጣለት ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። በዚያ ሌሊት በባትሪ መብራት ወደ ጓሮ ወጥተን፥ ካንዴላውን ጠርገን፥ ቤንዚኑን የምትቈጣጠረውን ትንሽ ብሎን ልጄ ግማሽ ዙር ያህል አጠበበ። ገመዱን ሳብሁት። ጢሱ ቀለለ፤ መንተፋተፉም ቀረ። በማለዳም የድንቹን መደብ ከዳር እስከ ዳር አረስን። መካኒኩ ንጹሕ ነበር፤ ጥፋተኛው የጉና ተራራ ጐረቤት መሆናችን ነው።

ደስታው ለልጄ ነበር፤ ለእኔ ግን ዕረፍት አልሰጠኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከከተማችን አጠገብ ወዳለችው ወደ ጋፋት በእግር ሄድን። ዓፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን ሰብስበው የብረት ሥራ ያቋቋሙት በዚህች ስፍራ ነው። ከነዚያም መካከል ብዙዎቹ በስዊስ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ቤት የመጡ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው፥ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1859 ዓ.ም እዚሁ ቀለጠ። በ1860 ዓ.ም መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ በሠረገላ ላይ ሆኖ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እየጐተቱት፥ ስድስት ወር ያህል ተጕዞ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። መንገዱ ሲጠረግ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ ፍርድና ቍጣ ሰው የተለያየ ሐሳብ አለው፤ ንጉሥ ሆነው ከሠራተኛ ጋራ ድንጋይ ማንሣታቸውን ግን የሚያስተባብል የለም።

ከዚያም ወዲህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መሳደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። ይህን ዐዋጅ ለልጄ ስነግረው፥ «ታዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት አንተ አልሰማህም ነበርን?» አለኝ። ስልክ ስደውል አጠገቤ ቆሞ ሰምቶኝ ኖሯል። ልጅ ለአባቱ የሚናገረው ቃል አልነበረም፤ ነገር ግን እውነት ስለ ሆነ አልተቈጣሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረታ ወረድሁ። መካኒኩ ከሁለት ሠራተኞቹ ጋራ አንድ ሞተር ፈትተው ነበር። ስልኬን ባነጋገረው ጊዜ እነርሱም ሰምተው እንደ ነበር ከፊታቸው አወቅሁ። ስድቡ በእነርሱ ፊት ስለ ሆነ ይቅርታውም በእነርሱ ፊት እንዲሆን ብዬ፥ ያገኘነውን ሁሉ ነግሬ፥ «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ፥ «ጌታዬ፥ እኔም ወደ ደጋ እንደሚወጣ አውቄ ብሎኑን ሳላሳይዎ መስጠቴ ጥፋት ነው» አለ። ጥቂት ዝም ብሎም፥ «አባቴ ግን ዕድሜውን ሁሉ ማረሻ ሠርቷል፤ በዚህ አገር እንጀራ የበላ ሰው ሁሉ ከእርሱ እጅ ጥቂት በልቷል» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ምሳ አብረን በላን፤ ስመለስም ለወደፊት የሚጠቅመኝን ብዙ ነገር አስተማረኝ።

ከእርሱ የተማርሁትንና በራሴ ያየሁትን፥ ይህን መዝናኛ ለመጀመር ለሚወድ አንባቢ ባጭሩ እነግራለሁ።

አንደኛ፤ የተጣበቀ ሞተር በመዶሻ አይከፈትም። ዘይት አፍስሶ መታገሥ ነው።

ሁለተኛ፤ ከመፍታት በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ስፍራ በፎቶግራፍ ማንሣት ወይም መጻፍ ይገባል፤ ያወጡትንም በተራ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የራስን ሣጥን ይጠቀሙ እንጂ የእመቤቲቱን ሰፌድ አይንኩ።

ሦስተኛ፤ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም። የሚወጣው ጢስ ሽታው ሳይታወቅ ሰውን የሚገድል መርዝ አለበት። ቤንዚንም ከምድጃና ከሻማ መራቅ አለበት።

አራተኛ፤ የሚሽከረከረውን ስለት ለማጽዳት ወይም የተጠመጠመበትን ሥር ለማውጣት ሞተሩ ይጠፋል፤ የካንዴላውም ሽቦ ይነቀላል። ሕፃናት በአጠገቡ አይቁሙ። በተዳፋት ላይ አይታረስበት።

አምስተኛ፤ እንደኛ ከፍ ባለ አገር የሚኖር ሰው፥ ሞተሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል ኃይል እንደሚጐድለው ይወቅ። ስለዚህ ጥልቅ አያስቈፍረው፤ ሁለት ጊዜ በስሱ መመላለስ ይሻላል። ወደ ቈላ ከወሰደውም ያጠበበውን የቤንዚን ብሎን እንደ ገና ያስፋ፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ስድስተኛ፤ ቀለም የመጨረሻ ነው። የማይሠራውን ዕቃ ቀለም ቢቀቡት ያማረ የቆሻሻ ብረት ይሆናል።

ወጪውን ለሚጠይቅ፥ ሙሉውን ሒሳብ ብደምረው በዚያ ገንዘብ ብዙ ኩንታል ድንች እገዛበት ነበር፤ ስለዚህ በትርፍ አልመክረውም። ነገር ግን ልጄ ዛሬ ቅዳሜን እኔ ሳላስታውሰው ይጠብቃል። ስለ ማርሽ ስንነጋገር ጀምረን ስለ ትምህርቱ፥ ስለ ወዳጆቹ፥ ስለሚፈራውም ነገር ሲናገር ይመሻል። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊናገሩ የሚያፍሩትን ነገር፥ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ብሎን ሲፈቱ በቀላሉ ይናገሩታል።

ለመዶሻ አላስተማርሁህም ያሉኝ እናቴም፥ ባለፈው ሳምንት እጀታው የወለቀ አክንባሎ ይዘው ወደ ጓሮ መጡ። እኔን አልፈው ለልጄ ሰጡትና፥ «የኔ ጌታ፥ ይህን ጠግንልኝ፤ አባትህ ይቸኵላል» አሉት።